ሐሙስ በማረሻው ጓሮ

«እንዳትነካኝ! በናትህ እንዳትነካኝ!» ሲል ጮኸ ዳግላስ።

ሮላንድ በጓደኛው ብብት ሥር ያስገባውን እጁን ደንግጦ መለሰ። ዳግላስ ከመጠጥ ቤቱ ጓሮ፣ ከሽንት ቤቱ ደረጃ ሥር፣ ዝናብ ያራሰው ድንጋይ ላይ በጎኑ ተዘርግቷል። ቀኝ እግሩ ከግራው አጥሮ ይታያል። የጫማው አፍንጫም የሰው እግር ወደማይዞርበት ዞሯል።

«ምን አገኘህ? አዳለጠህ?»

«ጋደም ልበል ብዬ ነው» አለ ዳግላስ ጥርሱን ነክሶ። «ዳሌዬ ነው፣ ሮሊ። ሲሰበር ሰምቼዋለሁ። ዕድሜ ልኬን በሬ ስበልት ኖሬ ይሄ ድምፅ ይጠፋኛል?»

የመጠጥ ቤቱ ባለቤት ሎሬይን እጇን በሽርጧ እየጠረገች ከወጥ ቤት ብቅ አለች። ዳግላስን አይታ አፏን ያዘች። ቀጥላም ተመልሳ ገባችና የቤቱን ስልክ ይዛ መጣች። በዚያ ሸለቆ የእጅ ስልክ አይሠራም። ኮረብታዎቹ ከሁለት በኩል ገጥመው ሰማዩን ራሱ ያጠብቡታል።

ገና ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነበር። ሁለቱ ሽማግሌዎች መንደሯ የደረሱት እኩለ ቀን ላይ፣ እንደ ወትሮው በአውቶቡስ ነው። «ማረሻው» የሚባለው ይህ መጠጥ ቤት ከወንዙ ድልድይ አጠገብ፣ ጣሪያው ጎበጥ ያለ፣ በሩ የገባውን ሰው ሁሉ አናት የሚመታ ቤት ነው። ዳግላስ የመጀመሪያውን ብርጭቆ ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጎ አየ፣ አሸተተ፣ ተጎነጨ፤ ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ ዝም አለ። ዝም ካለ ቢራው ጥሩ ነው ማለት ነው። ሁለተኛውን ሲያጋምስ «ይሄ ፊኛዬ እንደኔው አርጅቷል» ብሎ ወደ ጓሮ ወጣ። እንደወጣ ቀረ።

ሮላንድ ፔግ በሥራ ዘመኑ መስታወት ገጣሚ ነበር። ሚስቱን ግዌንዳን ስትሮክ መቷት ቀኝ ጎኗም ምላሷም ከታሰሩ ወዲህ ግን ከቤት የሚወጣው ለወተትና ለመድኃኒት ብቻ ሆነ። እንዲህ ሆኖ አንድ ዓመት እንዳለፈ ዳግላስ በሩን ደብድቦ ገባና፣ «ከእንግዲህ ሐሙስ የኔ ነህ» አለው። «ለሐሙስ አስታማሚ ቅጠርላት። አንተ ካበድክ እሷን ማን ሊያያት ነው?» ዳግላስ ሚስቱ ሞታለች፤ አንድ ልጁ ኒውዚላንድ ነው ያለው። ያለው ሰው ሮላንድ ነው። ያለው ሥራ ደግሞ በርሜል ውስጥ ገና የሚፈላውን፣ ጋዝ ያልተነፋበትን፣ ከምድር ቤት በእጅ ፓምፕ እየተሳበ የሚቀዳውን የዱሮውን ቢራ መንደር ለመንደር እየዞሩ መቅመስ ነው። «ይሄ ቢራ ነፍስ አለው» ይላል። «ነፍስ ያለው ነገር ደግሞ መንገድ አይወድም። እሱ አይመጣም፤ የምንሄደው እኛ ነን።» በመኪና እንሂድ ያለው ሰው ካለም፣ «አንዳችን ሊነዳና ውሃ ሊጠጣ? ግፍ አይሆንም?» ብሎ ይመልሰዋል። ስለዚህ በአውቶቡስ ይሄዳሉ፤ ሽማግሌ በነጻ የሚሳፈርባት፣ የእርሻ አጥር እየታከከች የምትሄድ ትንሽ አውቶቡስ።

ሎሬይን ስልኩን ለሮላንድ ሰጠችው።

«ሕመምተኛው ይተነፍሳል?» አለች በስልኩ ውስጥ ያለችው ሴት።

«ይተነፍሳል። ይሳደባልም።»

«ራሱን ያውቃል?»

«ከኔ ይበልጥ ያውቃል። እመቤቴ፣ ዳሌው ተሰብሯል። ሰውየው ትልቅ ሰው ነው፣ ዝናብ ላይ ነው የተኛው።»

«ደም ይፈሰዋል?»

«የሚታይ ደም የለም።»

ሴትዮዋ ጥቂት ስትጽፍ ቆየች። «እንዳታንቀሳቅሱት። የሚበላም የሚጠጣም እንዳትሰጡት፤ ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልገው ይችላል። ሙቀት እንዲያገኝ አድርጉ። አምቡላንስ እንልካለን። አሁን ግን ወረፋው ረጅም ነው፤ ብዙ ሰዓት ሊወስድ ይችላል።»

«ብዙ ሲሉ?»

«ልነግርዎ ብችል ደስ ይለኝ ነበር።»

ሎሬይን ከደጅ ጠረጴዛዎች አንዱን ትልቅ ጃንጥላ ነቅላ አመጣች። ከነብረት እግሩ እየጎተቱ ከዳግላስ በላይ ተከሉት። ብርድ ልብሶች መጡ፤ ሙቅ ውሃ የተሞላ የላስቲክ ከረጢት መጣ። ከሥሩ ግን ምንም ሊያነጥፉለት አልቻሉም፤ ትንሽ ሲነኩት ጩኸቱ ሸለቆውን ይሞላዋል። ድንጋዩ እንደ በረዶ ነው። ብርዱ ከታች ወደ ላይ ነው የሚመጣው፤ ከላይ የደረቡለት ሁሉ ምን ያደርግለታል?

«ሎሬይን» አለ ዳግላስ። «የጀመርኩት ብርጭቆ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነው።»

«በፍጹም፣ ሆዴ! አትጠጣ ተብለሃል።»

«ያቺ ሴትዮ ውሃ መስሏት ነው። ይሄ ቢራ መሆኑን ነግረሃታል፣ ሮሊ?»

«ነገርኳት። ቢራ ከሆነ ለኔም ላኩልኝ አለች።»

ዳግላስ ሊስቅ ሞከረ። ሳቁ ዳሌው ላይ ሲደርስ ፊቱ ወረቀት መሰለ። «አታስቀኝ፣ አንተ ከይሲ» አለ ቀስ ብሎ።

ሎሬይን ያልደወለችለት ሰው አልነበረም። ባሏ መኪናቸውን ይዞ በርሚንግሃም ሄዷል፤ ቢቸኩል ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ነው የሚደርሰው። የላይኛው እርሻ ስልክ ጠራ ጠራና ተዘጋ። የታችኛው እርሻ ሰዎች ከብት ገበያ ናቸው። ከከተማ ታክሲ ስትጠይቅ፣ ተማሪ እያመላለሱ ነው፣ ከዚያም በኋላ ሁሉም ተይዘዋል ተባለች። መንደሯ በሥራ ቀን ከመቃብር አትሻልም፤ ቤቶቹ ያማሩ ናቸው፣ ሰው ግን የለባቸውም። በመጨረሻ ከድልድዩ ማዶ የምትኖር ጡረተኛ ነርስ በዝናብ ኮቷ ተጠቅልላ መጣች። የዳግላስን የልብ ምት ይዛ አዳመጠች፣ እግሩን አየች፣ ሁሉም የሚያውቁትን ነገረቻቸው። ልትሄድ ስትል ግን ሮላንድን በክንዱ ይዛ ፈቀቅ አደረገችው።

«ስብራቱ አይደለም የሚያስፈራኝ። ብርዱ ነው» አለችው። «አናግሩት። እንዳይተኛ። መንቀጥቀጡን ካቆመ ደግማችሁ ደውሉ።»

«መንቀጥቀጡን ካቆመ? መንቀጥቀጥ ማቆም ጥሩ አይደለም እንዴ?»

«አይደለም» አለች። ኮቷን ቆልፋም ወደ ድልድዩ ሄደች።

ሮላንድ ከወጥ ቤት በርጩማ አምጥቶ ከዳግላስ ራስ አጠገብ ተቀመጠ። ዝናቡ ጃንጥላው ላይ ይንጠባጠባል። ስለምን ያውራ? ስለ ቀጣዩ ሐሙስ አወራ፤ ከኮረብታው ማዶ ስላለው፣ ባለቤቱ ሰው ካልወደደ ስለማይቀዳበት ቤት። ዳግላስ አልፎ አልፎ «እ» ይላል። ከዚያ ድንገት፣

«ግዌንዳስ?» አለ።

ሮላንድ ሲሸሸው የቆየውን ነገር ሰማ። አስታማሚዋ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ትወጣለች። ወደ ከተማ የሚመልሰው የመጨረሻ አውቶቡስ ደግሞ ከመጠጥ ቤቱ በር አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ላይ ያልፋል። እሱ ካመለጠ ሌላ የለም።

«ለሷ አታስብ» አለው። «እደውላለሁ።»

ከባንኮኒው ኋላ ቆሞ ደወለ። ስልኩን ያነሳችው አስታማሚዋ ሩምቢዛይ ናት። ከዚምባብዌ መጥታ እዚህ ከተማ ሽማግሌና አሮጊት ስታነሳ ስታስተኛ የምትውል፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ ሴት ናት። የሆነውን ሁሉ ነገራት።

«ሚስተር ፔግ፣ በጣም አዘንኩ። ብቆይልዎ ደስታዬ ነው። ግን ከዚህ ወጥቼ ሌላ ታማሚ ዘንድ ነው የምሄደው። እሳቸውም ብቻቸውን ናቸው፣ እኔ ካልሄድኩ እራት አይበሉም፣ አልጋቸውም ላይ አይወጡም።»

«ሌላ ሰው አይላክም?»

«ቢሮ ደውዬ እጠይቃለሁ። ግን ያው ያውቁታል… ሰው የለም። ግማሽ ሰዓት ልቆይልዎ እችላለሁ። ከዚያ በላይ ካልኩ ልዋሽዎት ነው።»

ሮላንድ ግንባሩን በጣቱ ጫነ። ባለፈው ክረምት፣ መድኃኒት ቤት ደርሶ ለመመለስ ግዌንዳን ለአጭር ጊዜ ትቷት ወጥቶ ነበር። ሲመለስ ከወንበሯ ወድቃ፣ ጉንጯ ምንጣፉ ላይ ተለጥፎ፣ ዓይኗ በሩን እያየ አገኛት። ምን ፈልጋ እንደተነሳች እስከ ዛሬ አላወቀም፤ ልትነግረው አትችልም። ከስትሮኩ በኋላ አንድ ቃል ብቻ ነው የቀራት፤ «አይ» የሚለው። ለእሺም «አይ»፣ ለእምቢም «አይ»። ሲርባትም፣ ስትጠግብም።

«እስቲ አገናኚኝ» አላት ሩምቢዛይን።

በስልኩ ውስጥ የሚስቱን ትንፋሽ ሰማ።

«ግዌን፣ እኔ ነኝ። ዳግ ወድቆ ተሰብሯል። አምቡላንስ አልመጣም። ዛሬ ማታ… ትንሽ ላመሽ እችላለሁ። ሩምቢ አልጋ ላይ አውጥታሽ ትሄዳለች። ብቻሽን ለሁለት ሰዓት ያህል፣ ቢበዛ ለሦስት። ትችያለሽ?»

ትንፋሿ ቆመ፤ ከዚያ ተመለሰ።

«አይ» አለች።

«አይ ማለት እችላለሁ ነው? ወይስ አልችልም?»

«አይ» አለች እንደገና፣ ረጋ ብላ። ሮላንድ ድምፁን አስረዝሞ፣ አሳጥሮ፣ በጆሮው ገለባበጠው። አርባ ስድስት ዓመት አብሯት የኖረ ሰው ነው፤ ይህን ግን ሊፈታው አልቻለም። ስልኩን ሲያስቀምጥ ሎሬይን ከኋላው ቆማ ነበር። የሰማችውን ሰምታለች።

ጓሮ ሲመለስ ዳግላስ ዓይኑን ጨፍኗል።

«ዳግ! ዳግ፣ ተነስ!»

«መነሳት ብችል እዚህ ምን አስተኛኝ» አለ ዳግላስ ዓይኑን ሳይከፍት። ምላሱ ግን እንደሰከረ ሰው ከብዷል። ያን ሁሉ ቢራ ጠጥቶ ምላሱ ሲከብድ ሮላንድ አይቶት አያውቅም። እጁን ብርድ ልብሱ ሥር ሰድዶ ትከሻውን ዳሰሰ። ይንቀጠቀጣል፤ ግን ቅድም እንደነበረው አይደለም። ይጀምርና ይተዋል።

እንደገና ወደ ስልኩ ሮጠ። ይሄኛው ወንድ ነው።

«ሕመምተኛው ይተነፍሳል?»

«ወንድሜ፣ ይሄን ሁሉ ቅድም ተናግሬያለሁ! ሽማግሌ ሰው ከሦስት ሰዓት በላይ ድንጋይ ላይ ተኝቷል፤ መንቀጥቀጡን ሊያቆም ነው!»

«ገብቶኛል ጌታዬ። ደም ይፈሰዋል?»

«ደም ቢፈሰው ይሻል ነበር ማለት ነው? ልቁረጠው እንዴ?»

በስልኩ ውስጥ ያለው ሰው ከተጻፈለት ጥያቄ ወጣ። ሲናገር ድምፁ የተለማመደ አልነበረም፤ የደከመ ወጣት ድምፅ ነው። «ቅድሚያ ከፍ እንዲልለት አድርጌያለሁ። ከፊቱ ልቡ የቆመ ሰው አለ፣ መተንፈስ ያቃተው ሕፃን አለ። እውነቱን ልንገርዎ ጌታዬ፣ እዚህ ተቀምጬ የምልከው አጥቼ ነው።»

ሮላንድ «እሺ» ብሎ ዘጋ። ቁጣው እንኳ የሚያርፍበት አልነበረውም።

ቀኑ መጨለም ሲጀምር አውቶቡሷ ድልድዩን ተሻግራ መጣች። ሹፌሯ ትሬሲ ሁለቱን ሽማግሌዎች ታውቃቸዋለች፤ እኩለ ቀን ላይ ስታወርዳቸው «በአራት እግራችሁ እንዳትመጡብኝ» ብላ የተሳለቀችባቸው እሷ ናት። በሩ ላይ ሎሬይንን ብቻዋን ቆማ ስታያት ሞተሩን ሳታጠፋ ወረደች። ጓሮ ገብታ ዳግላስን አየችው።

«አንተ ሰውዬ! ምን ሆነህ ነው?»

«ትሬሲ» አለ ዳግላስ ዓይኑን ገለጥ አድርጎ። «ከኋላ ወንበር ላይ አጋድሙኝና ሆስፒታል በር ላይ ጣይኝ። እንደ ድንች ጆንያ።»

ትሬሲ አጠገቡ ቁጢጥ አለች። ትልቁን ሰውነቱን፣ የተጣመመውን እግሩን፣ ከዚያ ጠባቡን የጓሮ በር አየች። «በዚህ በር ስናሳልፍህ ትሞትብኛለህ፣ ዳግ። እዚያች አውቶቡስ ውስጥ አንተን ማስተኛ የለም። ብችል በጀርባዬ እወስድህ ነበር።» ተነሥታ ወደ ሮላንድ ዞረች። «ቢሮ ደውዬ ትንሽ ልቆይ እላለሁ። ብዙ አልቆይም። ሁለት ሰው ተሳፍሯል፤ አንዷ ጨቅላ ይዛለች።»

«ግዌንዳ ብቻዋን ልትቀር ነው» አለ ሮላንድ። ለማን እንደሚናገር አላወቀም።

«የኔ ጌታ፣ እኔ እዚህ ነኝ» አለች ሎሬይን። ተንበርክካ የዳግላስን ራስ ጭኗ ላይ አድርጋዋለች። «ቤቱን ዘግቼዋለሁ። እሱን ትቼ የትም አልሄድም። ባሌ ሁለት ሰዓት ይመጣል፤ አንተም ብትቆይ እሱ ያደርስሃል። ቆይ ብልህም ሂድ ብልህም አላውቅበትም። እኔ አልወስንልህም።»

ሮላንድ ዳግላስ አጠገብ ቁጢጥ አለ። ጉልበቱ ቋ አለ። የተኛው ሰው ፊት በጨለማው ውስጥ አመድ መስሎ ነበር፤ ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኗል። እዚህ ቢቀመጥ ምን ያደርግለታል? ወሬ ያወራለታል። ቤት ቢሄድ ምን ያደርግላታል? አጠገቧ ይቀመጣል። ከዚያ ያለፈ አንዳቸውንም አያድንም። ሁለቱም የሚፈልጉት ያንኑ ነው፤ እሱ ደግሞ አንድ ሰው ነው።

«ዳግ። አውቶቡሱ መጥቷል።»

«ሰማሁት።»

«ሩምቢ ትወጣለች። ግዌን…»

«ታዲያ ምን ትጎለታለህ? ሂድ!» አለ ዳግላስ። «እኔ እዚህ ሴት ጭን ላይ ተኝቻለሁ። ወንድ ልጅ ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል? ሂድ አልኩህ።»

«ነገ ጠዋት በመጀመሪያው አውቶቡስ ሆስፒታል እመጣለሁ።»

«እሺ፤ ሂድ።»

ሮላንድ ሊነሳ ሲል ግን አልተነሳም። የዳግላስ እጅ ከብርድ ልብሱ ሥር ወጥቶ የኮቱን እጅጌ ጨምድዶ ይዞታል። መቼ እንደያዘው ሮላንድ አላየም። ዳግላስ ራሱም ያወቀው አይመስልም፤ ዓይኑ ጃንጥላው ላይ ነው፣ አፉ «ሂድ፣ ሂድ» ይላል።

ሮላንድ በሌላ እጁ ጣቶቹን ሊያላቅቅ ሞከረ። የሥጋ ሻጭ ጣቶች ናቸው፤ ወፍራም፣ ቀዝቃዛ። አንዱን ሲያነሳ ሌላው ይጠብቃል። ኃይል ቢጨምር ያላቅቃቸው ነበር። ኃይል አልጨመረም።

ከውጭ ትሬሲ ጥሩምባውን አንድ ጊዜ፣ አጠር አድርጋ፣ እንደሚያፍር ሰው ነፋች።

ሮላንድ የኮቱን ቁልፎች አንድ በአንድ ፈታ። መጀመሪያ ነጻውን ክንዱን አወጣ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ፣ የዳግላስ እጅ እንዳይነቃነቅ እየተጠነቀቀ፣ የተያዘውን ክንዱን ከእጅጌው ቀስ አድርጎ ሳበ። እጅጌው ዳግላስ እጅ ውስጥ ቀረ። የቀረውን ኮት ደረቱ ላይ ዘርግቶ ትከሻውን ሸፈነለት። ሎሬይን ሁሉንም አየች፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

በሸሚዙ ብቻ በዝናቡ ውስጥ እስከ መንገዱ ሄደ። የአውቶቡሷ ደረጃ ላይ ሲደርስ ኪሱን መታ መታ አደረገ፤ የጉዞ ካርዱ እዚያው ኮቱ ውስጥ ነው። ትሬሲ በእጇ «ግባ፣ ግባ» አለችው። በሩ ሲዘጋ ነው ነገሩን ልብ ያለችው።

«ሮሊ! ኮትህን ረሳህ እኮ! ሩጥና አምጣ፣ እጠብቅሃለሁ።»

«አልረሳሁትም» አለ ሮላንድ፣ ተቀመጠም።